ከስፒከሩ በፊት መቀመጫው፦ ሰራውንድ ድምፅን በሳሎን ውስጥ ማስቀመጥ

ሶፋችሁ ላይ ተቀምጣችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ። አንድ ሰው ጫማውን አውልቆ፣ የቁልፍ ዘለላ ይዞ፣ ኮቴው ሳይሰማ በክፍሉ ውስጥ ይዘዋወር፤ አልፎ አልፎ ቆም እያለ ቁልፉን ያቃጭል። እናንተ ደግሞ ድምፁ ወደመጣበት በጣታችሁ ጠቁሙ። ቀኝም ይሁን ግራ፣ ትንሽ ወደ ኋላ እንኳ ቢል፣ ጣታችሁ ብዙ ጊዜ አይስትም። የምትቸገሩት ቁልፉ ልክ ከፊታችሁ ወይም ልክ ከጀርባችሁ ሲሆን ነው፤ ያኔ የፊቱና የኋላው ሊምታታባችሁ ይችላል።

ስለ ሰራውንድ ድምፅ፣ ማለትም በዙሪያችን ከተደረደሩ ስፒከሮች ስለሚመጣው ድምፅ፣ ማወቅ ከሚያስፈልገው አብዛኛው እዚህች የሁለት ደቂቃ ሙከራ ውስጥ አለ። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ቁልፉ በቀኝ ሲያቃጭል ቀኝ ጆሯችሁ ቀድሞ ይሰማዋል፤ ግራው ጋ ለመድረስ ግን ድምፁ ጭንቅላታችሁን መዞር አለበት። የሚዘገየው ቢበዛ 0.7 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ከሰከንድ አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም፤ አንጎላችን ግን ይህችን ይለካታል። በዚያ ላይ ጭንቅላት ቀጫጭን ድምፆችን ስለሚጋርድ የራቀው ጆሮ አነስ አድርጎ ይሰማቸዋል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1907 እነዚህን ሁለቱን፣ የጊዜውንና የጉልበቱን ልዩነት፣ አንድ ላይ አድርጎ አስረድቷል። ልክ ከፊት ወይም ልክ ከኋላ ሲሆን ሁለቱም ልዩነቶች ይጠፋሉ፤ የሚቀረን የጆሯችን ቅርፊት ድምፁ ላይ የሚያሳርፈው ለውጥ ብቻ ነው። ጣታችሁ የሳተው ለዚህ ነው።

አሁን ይህንን ወደ ሳሎኑ እናምጣው። ድምፅ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሴንቲሜትር ይጓዛል። ጆሮ ከሚሊሰከንድ ያነሰውን የሚለይ ከሆነ፣ ስፒከር በሁለትና ሦስት ስንዝር መራቁና መቅረቡ ይሰማል ማለት ነው። በአቀማመጥ ላይ ብዙ ጊዜ የማጠፋው ከዚህ የተነሳ ነው። መካከለኛ ዋጋ ያለው ስብስብ በትክክል ተቀምጦ፣ ውድ ሆኖ እንደነገሩ ከተደረደረው ሲበልጥ ደጋግሜ ሰምቻለሁ።

መጀመሪያ የት ትቀመጣላችሁ?

ብዙዎቻችን ቲቪውን እንሰቅላለን፣ ስፒከሮቹን ባዶ ቦታ ባገኘንበት እናኖራለን፣ ሶፋው ደግሞ ድሮም ከነበረበት አይነቃነቅም። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ሁሉም ማዕዘን፣ ሁሉም ርቀት የሚለካው ከሰሚው ጆሮ ነው። ጆሮው የት እንደሚሆን ሳይታወቅ ለስፒከር ቦታ መምረጥ፣ ግድግዳው ሳይቆም መስኮት እንደ መለካት ነው።

ሶፋን ከኋላ ግድግዳ ጋር ማጣበቅ ቦታ ይቆጥባል፤ ድምፁን ግን ይጎዳል። ወፍራም ድምፅ፣ ባስ የምንለው፣ ግድግዳ አጠገብ ይጠራቀማል። ምክንያቱ ድምፁ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ሲመላለስ ከክፍሉ ርዝመት ጋር የሚገጥም ሞገድ ስለሚፈጠር ነው። ርዝመቱ 5 ሜትር በሆነ ክፍል የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ሞገድ 34 ሄርዝ (በሰከንድ 34 ንዝረት) ላይ ነው፦ 343 ለርዝመቱ እጥፍ፣ ማለትም ለ10 ሲካፈል። ይህ ሞገድ ግድግዳዎቹ ጋ እጅግ ይጎላል፤ ልክ መሃል ላይ ደግሞ ይጠፋል። ስለዚህ ከግድግዳው ተደግፎ የተቀመጠ ሰው ባሱ «እምምም» እያለ ያስቸግረዋል፤ የክፍሉ መሃል ላይ የተቀመጠው ደግሞ ያንኑ ባስ ፈልጎ ያጣዋል። ሁለቱም የሚያዳምጡት አንድን መሣሪያ ነው።

የድምፅ ባለሙያዎች እንደ መነሻ የሚጠቀሙበት ቁጥር የክፍሉ ርዝመት 38 በመቶ ነው። በ5 ሜትሩ ክፍል ከኋላ ግድግዳ 1.9 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው፤ ከፊተኛው ግድግዳ 3.1 ሜትር ይቀራችኋል። ይህ ሕግ አይደለም፤ የሰው መተላለፊያ፣ በር፣ መስኮት አለ። ሶፋውን ከግድግዳው ከ30 እስከ 50 ሴንቲሜትር ብቻ ብታላቅቁት እንኳ ለውጡን ትሰሙታላችሁ። ቢያንስ የክፍሉን እኩሌታ ሽሹ።

የሰዓት ገጽ

መቀመጫውን የግድግዳ ሰዓት መሃል አድርጋችሁ አስቡት። ስንት ሰዓት ሆነ የሚለውን እርሱትና ገጹ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች ብቻ ተመልከቱ። ቲቪው 12 ላይ ነው። ከአንዱ ቁጥር ወደ ቀጣዩ 30 ዲግሪ ነው። የፊት ግራው ስፒከር 11 ላይ፣ ቀኙ 1 ላይ ይሁን። የመሃሉ ስፒከር፣ ሴንተሩ፣ ከቲቪው ጋር 12 ላይ ነው።

ማዕዘን መለኪያ አያስፈልግም፤ ሲባጎ ይበቃል። ከመቀመጫው እስከ ግራ ስፒከር 3 ሜትር ከሆነ፣ እስከ ቀኙም 3 ሜትር፣ በሁለቱ ስፒከሮች መካከልም 3 ሜትር ይሁን። ሦስት እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ሠራችሁ ማለት ነው፤ 30 ዲግሪው በራሱ ይመጣል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለባለ አምስት ስፒከር ስርዓት ባወጣው ምክረ ሐሳብ ላይ ያለውም ይኸው 30 ዲግሪ ነው። የድምፅ ቴክኖሎጂ ኩባንያው ዶልቢ ከ22 እስከ 30 ዲግሪ ያለውን ይፈቅዳል፤ ክፍሉ ጠባብ ከሆነ በ3 ሜትር ርቀት ላይ ስፒከሮቹን 2.25 ሜትር ያህል ብታራርቋቸው 22 ዲግሪ ይሆናል። ከዚያ በታች ሲሆን ግራና ቀኙ አንድ ላይ መጨማደድ ይጀምራል። ዘፈን አዘውትራችሁ የምታዳምጡ ከሆነ ወደ 30 ተጠጉ።

ቁመቱን በተመለከተ፣ ቀጭን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ የስፒከር ክፍል፣ ትዊተሯ፣ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር ትስተካከል። ቀጭን ድምፅ እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ከጆሮ በላይ ወይም በታች ካለፈ ይደበዝዛል። ተቀምጣችሁ ከወለል እስከ ጆሯችሁ ለኩ፤ ብዙ ጊዜ ከ1 ሜትር ብዙም አይርቅም። ስፒከሮቹንም በትንሹ ወደ መቀመጫው አዙሯቸው።

ወደ ሴንተሩ ስንመጣ አንድ ታሪክ አለ። የስቴሪዮ አባት የሚባለው እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን በኋላ ሚስቱ ከሆነችው ሴት ጋር ሲኒማ ገብቶ፣ ተዋናዩ በስክሪኑ አንድ ጥግ እየተናገረ ድምፁ ግን ከሌላ ቦታ መምጣቱ እንደከነከነው ይነገርለታል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1931 ላስገባው የፈጠራ መብት ማመልከቻ መነሻው ይህ ነበር ይባላል። የእሱ መፍትሔ ዛሬም በየቤታችን ይሠራል፦ ሁለት ስፒከሮች እኩል ድምፅ ሲያወጡ፣ በመካከላቸው ሦስተኛ ስፒከር ያለ ይመስል ድምፁ ከመሃል ይሰማል።

ችግሩ ይህ የሚሠራው መሃል ለተቀመጠ አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። በ30 ዲግሪው አቀማመጥ ወደ ጎን 34 ሴንቲሜትር ብትሸሹ፣ ከሁለቱ ስፒከሮች ያላችሁ ርቀት በዚያው ልክ ይለያያል፤ አንደኛው አንድ ሚሊሰከንድ ይቀድማል። ያኔ መሃል የነበረው ድምፅ ተጠቅልሎ ቅርብ ወዳለው ስፒከር ይገባል። ሶፋ ላይ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ከ34 ሴንቲሜትር በላይ ይርቃችኋል። እናንተ ተዋናዩን ከስክሪኑ ስትሰሙ እሱ ከግራ ጥግ ይሰማዋል። የሴንተር ስፒከር ውለታ እዚህ ላይ ነው፤ ድምፁ በእርግጥም ከመሃል ስለሚወጣ የተቀመጠ ሁሉ ንግግሩን ከስክሪኑ ይሰማል። ሌላም ጥቅም አለው። በሁለት ስፒከር የተፈጠረ መሃል እያንዳንዱ ጆሮ ጋ ሁለት ጊዜ፣ በትንሽ ልዩነት ይደርሳል፤ ሁለቱ 2,000 ሄርዝ አካባቢ ይሸራረፋሉ። ያ ደግሞ ቃላት ጥርት ብለው እንዲሰሙ የሚያደርገው አካባቢ ነው።

ስለዚህ ሴንተሩን አትበድሉት። የቲቪ ማስቀመጫው መደርደሪያ ውስጥ ገፍታችሁ አትደብቁት፤ ሳጥኑ ውስጥ ድምፁ ይታፈናል። የፊት ገጹ ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር እኩል ይሁን፤ ከቲቪው በታች ዝቅ ካለም ከፊቱ ሥር ትንሽ ጎማ ወይም እንጨት አስገብታችሁ ወደ ጆሯችሁ ቀና አድርጉት። ንግግሩ አይሰማም ብለው ሁሉንም ስፒከር የሚያስጮሁ ሰዎች ብዙ አጋጥመውኛል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ጉልበት ላይ ወደሚያነጣጥረው ሴንተር ሄዶ ያበቃል። ከተቻለ ሦስቱ የፊት ስፒከሮች የአንድ ቤተሰብ ሞዴል ይሁኑ። አለበለዚያ መኪና ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ መሃል ላይ ሌላ መኪና ይሆንባችኋል።

ከጎንና ከኋላ ያሉት

አንድ ወዳጄ ባለ አምስት ስፒከር ስብስብ ገዝቶ ሁለቱን የሰራውንድ ስፒከሮች አንድ የመጻሕፍት መደርደሪያ አናት ላይ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው ነበር። ገመዱ የደረሰው እስከዚያ ነው፤ የሸጠለት ሰው ደግሞ «የኋላዎቹ የትም ቢሆኑ ችግር የለውም» ብሎታል። መደርደሪያው ከሶፋው በስተቀኝ ኋላ ነው። ወዳጄ «ሁልጊዜ ከቀኝ ትከሻዬ ጀርባ ሰው የቆመ ይመስለኛል» አለኝ። እውነቱን ነበር። ዝናቡም፣ ነፋሱም፣ የሕዝቡም ጫጫታ ከአንድ ጥግ ይመጣል። ረዘም ያለ ገመድ ገዝተን በግድግዳው ሥር አስተኛነው፤ ስፒከሮቹን ግራና ቀኝ አለያየናቸው። ዝናቡ የዘነበው ያን ቀን ነው።

በባለ አምስቱ ስርዓት የሰራውንዶቹ ቦታ፣ ከቲቪው አቅጣጫ ተነስቶ ሲለካ፣ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ነው፤ ዶልቢ ከ110 እስከ 120 ይላል። በሰዓታችን ገጽ ቀኙ በ3 እና በ4 መካከል ወደ 4 ጠጋ ብሎ፣ ግራው በ9 እና በ8 መካከል ወደ 8 ጠጋ ብሎ ማለት ነው። ስማቸው «የኋላ» ስለተባለ ብዙ ሰው ቀጥታ ከጀርባው ያደርጋቸዋል፤ ቦታቸው ግን ጎን ነው፣ ጥቂት ወደ ኋላ ያለ። በቁልፉ ሙከራ እንዳያችሁት ጆሮ ጎንን በደንብ ይለያል፣ ልክ ጀርባን ግን ያምታታል። በሜትር ስናስቀምጠው፣ ስፒከሩ ከእናንተ 2 ሜትር የሚርቅ ከሆነ፣ ከጆሯችሁ መስመር ወደ ኋላ 70 ሴንቲሜትር ያህል ብትሄዱ 110 ዲግሪ፣ 1 ሜትር ብትሄዱ 120 ዲግሪ ታገኛላችሁ።

ሶፋው ከኋላ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀና መላቀቅ ካልቻለ፣ ወደ ኋላ የሚኬድበት ቦታ የለም። ያኔ ከኋላ ግድግዳ ላይ ከጭንቅላት በላይ ከመስቀል ይልቅ በጎን፣ 3 እና 9 ቁጥር ላይ አድርጓቸው። ጥቂት ዲግሪ ታጣላችሁ፤ ግራና ቀኙ ግን ይተርፋል።

ቅርበት ሌላው ፈተና ነው። ጀርመናዊው ሄልሙት ሃስ እ.ኤ.አ. በ1949 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናቱ አንድ ነገር አሳይቷል፤ ተመሳሳይ ድምፅ ከሁለት ቦታ በትንሽ የጊዜ ልዩነት ሲደርሰን ሁለት ድምፅ አንሰማም። አንድ ብቻ እንሰማለን፤ አቅጣጫውን የሚወስነውም ቀድሞ የደረሰው ነው። ልዩነቱ እስከ 30 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲሆን ይህ ይሠራል። ሶፋው ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ከጆሮው 60 ሴንቲሜትር ላይ ስፒከር ካለ፣ ያ ስፒከር ሁሉንም ይቀድማል፤ ድምፁን ሁሉ ወደ ራሱ ይጠቀልላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ስፒከሩን ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍ አድርጉት፤ በተለመደው ባለ አምስት ስብስብ 60 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ቢል ችግር የለውም። አቅጣጫውንም ቅርብ ወዳለው ሰው ሳይሆን ከጭንቅላቱ በላይ አልፎ ወደ ማዶው ሰው አድርጉት። ቅርቡ በጎን ያለውን፣ ሩቁ ደግሞ ቀጥታውን ስለሚያገኝ ሁለቱ ይቀራረባሉ።

ሰባት ስፒከር ካላችሁ ጎኖቹ ከ90 እስከ 110 ዲግሪ፣ የኋላዎቹ ከ135 እስከ 150 ዲግሪ ይሁኑ፤ 5 እና 7 ቁጥር ላይ ማለት ይቻላል። ከሶፋው በስተጀርባ 1 ሜትር እንኳ ከሌላችሁ ግን ሰባት ከማድረግ አምስቱን አስተካክሎ መተው ይሻላል ባይ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ2012 ለሲኒማ የቀረበው ዶልቢ አትሞስ ድምፅን ጣሪያ ላይ አውጥቶታል። አራት የጣሪያ ስፒከር የሚሰቅል ሰው ሁለቱን ከፊቱ፣ ሁለቱን ከኋላው በ45 ዲግሪ ቢያደርግ ጥሩ መነሻ ነው። 45 ዲግሪ ደስ የሚለው ስሌቱ ቀላል መሆኑ ነው፦ ጣሪያው 2.6 ሜትር፣ ጆሯችሁ 1 ሜትር ላይ ከሆነ ልዩነቱ 1.6 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ስፒከሮቹ ከራሳችሁ በላይ ካለው ነጥብ 1.6 ሜትር ወደ ፊትና 1.6 ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳሉ። በዚህ ስርዓት የጎኖቹ ስፒከሮች ወደ ጆሮ ከፍታ መውረድ አለባቸው። እነሱም ከፍ ካሉ ጣሪያውና ጎኑ አይለዩም፤ ከላይ የሚያልፈው ሄሊኮፕተር ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ይደባለቃል።

ሰብዉፈሩን ተንበርክኮ መፈለግ

ባለ አምስቱ ስርዓት «5.1» ሲባል፣ «.1» የባስ ስፒከሩ፣ የሰብዉፈሩ ነች። እስከ 120 ሄርዝ ያለውን ወፍራም ድምፅ ብቻ የምትይዝ ጠባብ መስመር ስለሆነች ሙሉ ቁጥር አልተሰጣትም። በዚያ ላይ ድምፁን ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለው መሣሪያ፣ ሪሲቨሩ፣ ከሌሎቹ ስፒከሮች የሚቀንሰውን ባስ ለሰብዉፈሩ ይሰጠዋል፤ የተለመደው መለያ ነጥብ 80 ሄርዝ ነው። በ80 ሄርዝ አንድ ሞገድ 4.3 ሜትር ይረዝማል። እንዲህ ያለ ሞገድ ለሁለቱም ጆሮዎቻችን ያው ስለሆነ ከየት እንደመጣ መለየት ይከብደናል።

ሰዎች ከዚህ ተነስተው «እንግዲያው የትም ይቀመጥ» ይላሉ። አቅጣጫው አይለይም ማለት ቦታው አይለወጥም ማለት አይደለም። ቅድም ያነሳነው የ34 ሄርዝ ሞገድ ትዝ ይበላችሁ። በርዝመቱም፣ በወርዱም፣ በከፍታውም እንዲህ ያሉ ሞገዶች አሉ፤ ሰብዉፈሩ የቆመበት ቦታ የትኛው እንደሚቀሰቀስ ይወስናል። ጥግ ላይ ስታቆሙት ሁሉንም ይቀሰቅሳል፤ ጉልበቱ ይጨምራል፣ ግን አንዳንዱ ኖታ ይጮሃል፣ አንዳንዱ ይሰወራል። ለትንሽ ሰብዉፈር የጥጉ ጉልበት ሊጠቅም ይችላል፤ ለትልቁ ብዙ ጊዜ ይበዛበታል።

ትክክለኛውን ቦታ ለማግኘት ከማውቃቸው ዘዴዎች ሁሉ የምወደው ገንዘብ የማይጠይቀውን ነው። ሰብዉፈሩን አንሡና እናንተ የምትቀመጡበት ሶፋ ላይ አስቀምጡት። የባስ ጊታር ከታች ወደ ላይ ደረጃ በደረጃ የሚወጣበትን ዘፈን ደጋግሞ እንዲጫወት አድርጉ። ከዚያ ተንበርከኩና ሰብዉፈሩ ሊቆም በሚችልባቸው ቦታዎች ሁሉ፣ በግድግዳው ሥር፣ ጭንቅላታችሁን ዝቅ አድርጋችሁ እየተዘዋወራችሁ አዳምጡ። አንዱ ቦታ ላይ አንድ ኖታ ብቻ ደረታችሁን ይመታል። ሁለት እርምጃ አለፍ ስትሉ ያው ኖታ ጭራሽ የለም። ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ሁሉም ኖታ እኩል፣ የጣት ምቱ ሳይቀር ተለይቶ ይሰማችኋል። እዚያ ወለል ላይ ምልክት አድርጉ። ሰብዉፈሩን ከሶፋው አውርዳችሁ እዚያ አቁሙት። ድምፅ ከነጥብ ወደ ነጥብ ሲሄድ መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ ያው ስለሆነ፣ ሰብዉፈሩና ጆሯችሁ ቦታ ሲለዋወጡ የሰማችሁት ሶፋው ላይ ይደገማል።

ሁለት ሰብዉፈር ያለው ሰው በተቃራኒ ግድግዳዎች እኩሌታ ላይ ፊት ለፊት ቢያቆማቸው ብዙዎቹን ሞገዶች እርስ በርስ ያስተካክላሉ፤ ባሱም ከወንበር ወንበር ብዙም አይለዋወጥም። ከሰብዉፈሩ ጀርባ «ፌዝ» የምትል ማብሪያ ካለች በሁለቱም አቅጣጫ ሞክሯት፤ ተቀምጣችሁ ስታዳምጡ ባሱ ሞላ ያለበት ትክክለኛው ነው።

ግድግዳው ሲመልስ

ከስፒከር የሚወጣው ወፍራም ድምፅ ወደ ፊት ብቻ አይሄድም፤ ሳጥኑን ዞሮ ወደ ኋላም ይሄዳል፣ ከግድግዳው ነጥሮ ይመለሳል። የስፒከሩ ገጽ ከግድግዳው 60 ሴንቲሜትር ቢርቅ፣ የተመለሰው ድምፅ 1.2 ሜትር ተጨማሪ ተጉዟል። ይህ 143 ሄርዝ የሆነ ሞገድ እኩሌታ ነው፤ ስለዚህ ሄዶ የመጣው ከአዲሱ ጋር ተቃራኒ ሆኖ ይገናኛል፣ ሁለቱም ይዳከማሉ። የወንድ ድምፅ ሳሳ ሲልባችሁ ከዚህ ሊሆን ይችላል። ስፒከሩ ከጀርባው ካለው ግድግዳና ከጎን ግድግዳ ያለው ርቀት እኩል አይሁን፤ እኩል ከሆነ ጉድለቱ አንድ ቦታ ላይ ይደራረባል። ከ10 እስከ 20 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ወደ ኋላ እያላችሁ የምታውቁትን ሰው ድምፅ ቅጂ አዳምጡ።

ለቀጫጭኑ ድምፅ ደግሞ መስታወት አምጡ። እናንተ ተቀመጡና አንድ ሰው መስታወቱን በጎን ግድግዳው ላይ ለጥ አድርጎ በጆሯችሁ ከፍታ ያንሸራትተው። መስታወቱ ውስጥ የፊት ስፒከሩን ባያችሁበት ቦታ ድምፁም ነጥሮ ወደ እናንተ ይመጣል። እዚያ ወፈር ያለ መጋረጃ ወይም መጻሕፍት የሞሉበት መደርደሪያ ቢኖር ንግግሩ ይጠራል። በስፒከሮቹና በሶፋው መካከል ያለ ምንጣፍም የወለሉን ይይዛል። ከዚህ አልፎ ክፍሉን ሁሉ በጨርቅ መሸፈን አያስፈልግም፤ ቀጭኑ ብቻ ተውጦ ባሱ ስለሚቀር ክፍሉ ይታፈናል።

ሪሲቨሩ የሚያግዘው እስከ የት ነው?

ሳሎን መኖሪያ ነው፤ ሁሉም ስፒከር እኩል ርቀት ላይ ላይቆም ይችላል። ርቀትን ሪሲቨሩ ይክሳል። የፊቱ 3 ሜትር፣ የጎኑ 1.5 ሜትር ከሆነ፣ የጎኑን 4.4 ሚሊሰከንድ ያዘገየዋል፤ ሁለቱ ጆሮ ጋ አብረው ይደርሳሉ። የድምፅ መጠንንም ያስተካክላል። ማዕዘንን ግን አይክስም። የወዳጄን ሁለት ስፒከሮች ከመደርደሪያው አናት ላይ ሊለያያቸው የሚችል ቅንብር አልነበረም።

አብዛኞቹ ሪሲቨሮች መለኪያ ማይክ አላቸው። ማይኩን ሶፋው መደገፊያ ላይ አታስተኙት፤ የካሜራ መቆሚያ ላይ አድርጋችሁ ጆሯችሁ በሚሆንበት ቦታና ከፍታ አቁሙት። ቤቱ ጸጥ ይበል፤ ማራገቢያም ይጥፋ። ሲጨርስ የሰጣችሁን ርቀት በሜትር አስተያዩ። የሰብዉፈሩ ርቀት ከእውነተኛው ቢበልጥ አትደንግጡ፤ በውስጡ ያለው ማጣሪያ ድምፁን ስለሚያዘገይ መሣሪያው ያንን እንደ ርቀት ይቆጥረዋል፣ ልክም ነው። ስፒከሮቹን «ላርጅ» (ትልቅ) ብሎ ካገኛችሁት ግን፣ ባሱ ወደ ሰብዉፈሩ እንዲሄድ፣ ወደ «ስሞል» (ትንሽ) ቀይራችሁ መለያውን 80 ሄርዝ ላይ አድርጉት። ማይክ ከሌለ በሪሲቨሩ የሙከራ ሹክሹክታ፣ ማለትም ለሙከራ በሚያወጣው የ«ሽሽሽ» ድምፅ፣ እያንዳንዱን ስፒከር መቀመጫው ላይ ወደ 75 ዴሲቤል አምጡት፤ የስልክ አፕ ቁጥሩን በትክክል ባይነግራችሁም ስፒከሮቹን እርስ በርስ ለማስተያየት ይረዳል።

ገመድ ስታያይዙ ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር። አንዱ ስፒከር ላይ ብቻ ከተገላበጠ ስፒከሩ ይጮሃል፣ ነገር ግን አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ከመሃል መሰማት የነበረበት ድምፅ በክፍሉ ተበትኖ አቅጣጫ ያጣል፣ ባሱም ይሳሳል። እስከ 10 ሜትር ለሚሄድ ገመድ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ውፍረት ለባለ 8 ኦም ስፒከር ይበቃል፤ ከዚያ ለሚረዝመው 2.5 ውሰዱ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ያንን የሙከራ ሹክሹክታ ከስፒከር ስፒከር አዙሩትና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ እንደ ቁልፉ፣ በጣታችሁ ተከተሉት። ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ሲዞር የሚዘልበት ወይም ቀለሙን የሚቀይርበት ቦታ ካለ፣ ቀጥሎ የሚነካው ስፒከር እሱ ነው። ጣታችሁ ሳይዘል ከዞረ ብድግ በሉና በሶፋው አራት እግሮች ዙሪያ ወለሉ ላይ ትንሽ ትንሽ ፕላስተር ለጥፉ። ቤት ሲጸዳ ሶፋ ይነሣል፤ ሲመለስ ብዙ ጊዜ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ጎን ሄዶ ነው የሚያርፈው።